ዝናብ የማይሰጠው ግራጫ ደመና

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ አንዳንድ ጊዜ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር በግራጫ ደመና ተሸፍኖ ይሰነብታል፤ ከካፊያ በቀር ግን ዝናብ አይወርድም። ይህ ደመና የማይዘንበው ለምንድን ነው? በምድር የአየር ንብረት ላይስ ድርሻ አለው?

መልስ፦ የጠየቁን ስለ ስትራተስና ስለ ቅርብ ዘመዱ ስለ ስትራቶኩሙለስ ነው። ስትራተስ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1802 ለደመና የሰጠው እንግሊዛዊው መድኃኒት ቀማሚ ሉክ ሃዋርድ ሲሆን፣ በላቲን “የተነጠፈ” እንደ ማለት ነው። የሁለቱም ግርጌ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ስትራተስ ወርዶ መሬት ሲነካ ጭጋግ እንለዋለን።

ዝናብ የሚያሳጣው ስስነቱ ነው። እርጥብ አየር ወደ ላይ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ደመና ይሆናል፤ ከበላዩ ሞቃትና ደረቅ አየር እንደ ክዳን ከተደፋበት ግን ሽቅብ ማደግ ስለማይችል ወደ ጎን ይነጠፋል። ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትሮች ስለማያልፍ፣ ጠብታዎቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ለመተለቅ ጊዜም ቦታም አያገኙም።

ድርሻው ጎልቶ የሚታየው በውቅያኖስ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ከጥልቁ በሚወጣባቸው በፔሩና በቺሊ፣ በናሚቢያና በአንጎላ፣ እንዲሁም በካሊፎርኒያ ጠረፎች አቅራቢያ ስትራቶኩሙለስ ሰፊ ባሕር ያለብሳል፤ በዓመት አማካይ ሲታይ ከምድር ገጽ አንድ አምስተኛ ያህሉ በእርሱ ሥር ነው። ጠቆር ያለው ባሕር ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከ10 በመቶ ያነሰውን ብቻ ሲያንጸባርቅ፣ ወፈር ያለው የደመና ንጣፍ ግማሽ ያህሉን ወደ ሕዋ ይመልሳል። በጣም ከፍ ብለው የሚታዩት ስስ የበረዶ ደመናዎች ሙቀት አፍነው ያስቀራሉ፤ የዝቅተኛው ደመና አናት ግን ሙቀቱ ከምድር ብዙም ስለማይለይ፣ ወደ ሕዋ የሚለቀው የሙቀት ጨረር ደመናው ባይኖር ከሚወጣው እምብዛም አያንስም። ስለዚህ በድምር ሲታይ ምድርን ያቀዘቅዛል። ሌሊት ግን፣ የሚመልሰው ብርሃን ስለሌለ፣ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ተቀብሎ ወደ ታች ይልካል፤ ደመናማ ሌሊት ከጠራው የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው የወደፊት ዕጣው ነው። ምድር ስትሞቅ ይህ ደመና በአንዳንድ ባሕሮች ላይ እንደሚሳሳ ይጠበቃል፤ ሲሳሳ ደግሞ ባሕሩ ብዙ ፀሐይ ስለሚውጥ ሙቀቱ ይብስበታል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በእጥፍ ቢጨምር ምድር ምን ያህል ትሞቃለች ተብሎ ሲጠየቅ የኮምፒውተር ስሌቶች የሚለያዩበት ዋናው ምክንያት ደመና፣ በተለይም ይኸው ዝቅተኛው ነው። አብዛኞቹ ስሌቶች ሰማዩን እያንዳንዱ ጎኑ በአሥር ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ክፍል ስለሚከፋፍሉት፣ ሽቅቡ ጥቂት መቶ ሜትር የሆነ ንጣፍ በውስጡ የሚያደርገውን በቀጥታ ማስላት አይችሉም፤ በግምት ቀመር ይተኩታል።