ሃምሳ የድሮ ጌም በአንድ ሲዲ፦ ያዋጣል?

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጥያቄዬ ቀልድ ሊመስልዎት ይችላል። እኔና ባለቤቴ ግን ሦስት ቀን ተነታርከንበታል።

ታላቅ ወንድሜ ዱባይ ነው የሚሠራው። ከአምስት ዓመት በኋላ ለገና ሊመጣ ነው፤ ሁለት ሳምንት ይቆያል። «ምን ላምጣልህ?» ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው ሴጋ ነው፤ ያ ሜጋ ድራይቭ የሚባለው የድሮ ጌም ማጫወቻ። ልጆች ሆነን ሰፈራችን አንድ ጌም ቤት ነበር። በደቂቃ ሒሳብ ነበር የሚያስጫውተው። የዳቦ መልስ ጨብጠን እንሮጥ ነበር። ሶኒክ፣ ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ፣ ጎልደን አክስ፣ ሞርታል ኮምባት። ሶኒክ 2 ስንጫወት ሶኒክን የሚይዘው ሁሌም እሱ ነው። እኔ ባለ ሁለት ጅራቱን ቀበሮ፣ ቴይልስን፣ ይዤ ከኋላው ስንከራተት ደቂቃችን ያልቃል። አንድም ጌም ጨርሰን አናውቅም።

አሁን ቤቴ ፕሌይስቴሽን 4 (ፒኤስ 4) አለኝ። ወንድሜም «ሴጋ ሜጋ ድራይቭ ክላሲክስ» የሚባል ያገለገለ ሲዲ በ90 ድርሃም አገኘሁ አለኝ። ከ50 በላይ ጌም አለበት። ባለቤቴ ግን «በዚህ ገንዘብ ለልጁ ጫማ ያምጣለት። የሰላሳ ዓመት ጌም ስልክህ ላይ በነፃ ታገኘው የለ?» ትላለች። እውነቷን ይሆን እያልኩ ነው።

እኔም የምፈራው ነገር አለ። ልጅ ሳለሁ አባታችን ከአንድ ሱቅ «999999 ጌም አለው» የተባለ ማጫወቻ ገዝቶልን ነበር። ከፍተን ስናየው ስሙን እየቀያየረ የሚደጋገም አሥር ምናምን ጌም ሆኖ ተገኘ። አባቴ ምንም አላለም። ፊቱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ይሄኛውስ እንደዚያው ቢሆን? በኢንተርኔት እንዳልገዛ ደግሞ የውጭ ካርድ የለኝም። ምን ይመክሩኛል?

ቴይልስ ነኝ፣ ከሳሪስ

*

ወንድሜ ቴይልስ፣

አንተ ስልህ አትቀየመኝ። በደቂቃ ከፍሎ ሴጋ የተጫወተ ሰው ሁሉ አብሮ አደጌ ነው።

መጀመሪያ ፍርሃትህን ላቅልልህ። ይሄ ሲዲ ሴጋ ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለፒኤስ 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን ያወጣው ነው። ከ50 በላይ ሲል የእውነት ከ50 በላይ የተለያዩ ጌሞች አሉበት።

ግን አባትህን የሸወደው ቁጥሩ ነው አይደል? አንተም በቁጥሩ አትግዛ። 90 ድርሃምን ለ50 ብታካፍለው አንዱ ጌም ሁለት ድርሃም እንኳ አይሞላም። ይሄ የሻጭ ሒሳብ ነው። እውነቱን ልንገርህ፤ ግማሹን አሥር ደቂቃ አይተህ ትዘጋዋለህ። አልተርድ ቢስትን በስሙ ታስታውሰው ይሆናል። ዛሬ ስትነካው ግን ሰውዬው ጭቃ ውስጥ የሚራመድ ነው የሚመስለው። ፋንታሲ ስታር እና ሻይኒንግ ፎርስ ግሩም ናቸው። ግን እንግሊዝኛ ሲያነቡ የሚውሉባቸው፣ ለብቻ የሚጫወቷቸው ረጃጅም ጌሞች ናቸው። ሁለት ሳምንት ለሚቆይ እንግዳ አይሆኑም።

እስቲ አንተ የጠራሃቸውን እንያቸው። ሶኒክ 1 እና 2 አሉ። ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ ሦስቱም አለ። ጎልደን አክስም ሦስቱም አለ፤ ሦስተኛው ደካማ ስለሆነ አልቆጥርልህም። ሰባት ሆኑ። 90 ለሰባት ወደ 13 ድርሃም ነው። አንተ የምትገዛው እነዚህን ሰባቱን ነው፤ ሌላው ምራቂ ነው።

ሞርታል ኮምባት የለም፤ እንዳትፈልገው። ሴጋ ላይ ተጫወትነው እንጂ የሴጋ ንብረት አልነበረም። አላዲንም የለም፤ በዲዝኒ ፈቃድ የተሠራ ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከላየን ኪንግ ጋር ለብቻው ሲዲ ወጥቶለታል። የሚገርመው ሶኒክ 3ም የለበትም። እሱን የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ሶኒክ ኦሪጅንስ ይገዛል። እዚያ ደግሞ አንዳንዱ ሙዚቃ ተቀይሯል። የድሮው ጆሮህ ላይ ካለ ትበሳጫለህ። እኔ ተበሳጭቻለሁ።

ባለቤትህ ግማሽ እውነት አላት። ጌሞቹ ያረጁ፣ ኢምንት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሶኒክ ተጠቃሎ 512 ኪሎባይት ነው። በስልክህ የምታነሳው አንድ ፎቶ ይበልጠዋል። ነገር ግን በነፃ የሚለቀቀው አብዛኛው ያለ ፈቃድ የተቀዳ ነው። ደግሞስ ሁለት ጎልማሳ ወንድማማቾች አንድ ስልክ ላይ ጣታቸውን ሲያንሸራትቱ ይታይህ! ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ ውስጥ አጋርህንም መምታት እንደሚቻል ታስታውሳለህ? «ሳላይህ ነው» ብሎ በቧንቧ ሲመታህ፣ አንተም ዞረህ ስትመልስለት፣ ወንበዴዎቹ ቆመው ሲያዩዋችሁ። ለዚያ ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ ያስፈልጋል።

አንድም ጌም አለመጨረሳችሁ ደግሞ የእናንተ ስንፍና አልነበረም። የድሮዎቹ ሶኒክ 1 እና 2 የደረስክበትን አያስቀምጡም። ከጀመርክ በአንድ ቁጭታ መጨረስ ነው። በደቂቃ እየከፈሉ ማን ይጨርሳል? ይሄኛው የትም ቦታ ላይ አስቀምጦልህ ነገ ትቀጥላለህ። ስትሞትም ወደ ኋላ ታጠነጥነዋለህ። «ይሄማ ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አላፍርበትም።

ካርድ አለመኖሩ አያሳስብህ። ቢኖርህም አትገዛውም ነበር። ሴጋ ይህን ስብስብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ከኦንላይን መደብሮች አንስቶታል። ቀድሞ የገዛ ሰው መልሶ ያወርዳል፤ አዲስ ገዢ ግን በሩ ተዘግቶበታል። የቀረው ሲዲው ነው። ሲዲ ደግሞ ሲሰለችህ ለጎረቤት ታውሰዋለህ፣ ካስፈለገም ትሸጠዋለህ። 90 ድርሃሙ ያዋጣል የምልህ በዋናነት ለዚህ ነው።

ወንድምህ ከመክፈሉ በፊት ሽፋኑ ላይ ፒኤስ 4 የሚል መኖሩን ይይ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለፒኤስ 3 የወጣ በጣም የሚመሳሰል ስብስብ አለ፤ ያንተ ማጫወቻ አያነበውም። «ጀነሲስ» የሚል ቢያጋጥመው ችግር የለም። አሜሪካኖች ሜጋ ድራይቭን የሚጠሩበት ስም ነው። የፒኤስ 4 ሲዲ ከየትም አገር ቢገዛ ይሠራል። ገልብጦም ጭረቱን ይመልከት።

አሁን ያልጻፍክልኝን ልጠይቅህ። ሁለተኛ ጆይስቲክ አለህ? ከሌለህ ወጪው ያለው እዚያ ነው። ኦሪጅናሉ ከዚህ ያገለገለ ሲዲ በብዙ ይወደዳል። እና ከባለቤትህ ጋር የምትነጋገሩት ስለ ሲዲው ሳይሆን ስለ ጆይስቲኩ ይሁን። የልጁ ጫማ ቅድሚያ ይኑረው፤ ጆይስቲክ ከሰፈር ልጅ መዋስ ይቻላል፣ ጫማ አይዋሱም። ለእሷም ኮለምስ የሚባለውን ክፈትላት። ከላይ የሚወርዱ እንቁዎችን በየቀለማቸው የሚያሰልፉበት ነው። የእኔዋ ባለቤት «እስቲ አንዴ ልሞክረው» ብላ ጆይስቲኩን የመለሰችልኝ በማግስቱ ነው።

ወንድምህ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ግን አንድ ነገር አስምለው። ሶኒክ 2 ላይ በዚህ ጊዜ ቴይልስ እሱ ነው።