አዲስ ስልክ ለምን ቶሎ ይጫራል? ጥያቄና መልስ

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶና ከለገጣፎ የተላኩትን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ሌላ ያላችሁ ጨምሩ፤ ጭረቱ ስክሪኑ ላይ ይሁን፣ ጠርዙ ላይ ወይስ ካሜራው ላይ፣ ለይታችሁ ጻፉ።

ጥያቄ (ኮዬ ፈጬ)፦ ስልኩን ከገዛሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ከቁልፍ ጋር አስቀምጬው አላውቅም፤ ወድቆም አያውቅም። ፀሐይ ላይ ሳየው ግን ስክሪኑ ላይ ፀጉር የመሰሉ ጭረቶች አሉ። መስታወቱ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ብቻ ፎርጅድ ነው አይባልም። ሰው ሁሉ ቁልፍን ይወቅሳል እንጂ ስክሪን የሚጭረው አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው። ማዕድናት በሞህስ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይመደባሉ፤ የጠነከረው የላላውን ይጭራል። የናስ ቁልፍ ከ3 እስከ 4 ነው፣ የብረት ቢላዋ 5 ተኩል ገደማ። የዘመኑ ስልክ መስታወት 6 ላይ መጫር ይጀምርና 7 ላይ ጠለቅ ብሎ ይቦረቦራል። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 7 ነው። እናንተ ሰፈር ግንባታው ገና አላበቃም፤ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ይመላለሳል፣ አስፋልት ያልደረሰው የውስጥ ለውስጥ መንገድ በበጋ ይቦናል። ያ ብናኝ ኪስህ ስፌት ውስጥ ይከማቻል። ከዚያ ስክሪኑን በሸሚዝህ ጫፍ ፈተግ ስታደርገው ጭረቱን ራስህ ትሠራዋለህ።

“ጎሪላ ግላስ የሚባለው የተጠናከረ መስታወት ስለሆነ አይጫርም” የሚለውን የሻጭ ወሬ ተወው። መስታወቱ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሞቀ የቀለጠ ጨው ውስጥ ይነከርና ትንንሾቹ የሶዲየም አየኖች (ኤሌክትሪክ የያዙ አተሞች) በትልልቅ የፖታሲየም አየኖች ይተካሉ። ገጹ በዚህ ስለሚጨናነቅ ሲወድቅ ቶሎ አይሰነጠቅም። ከአሸዋ ግን አያስጥለውም።

ከመናደድህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ። ብዙ ስልኮች ከፋብሪካ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎባቸው ይመጣሉ። ጥፍርህን በስክሪኑ ዳርና በፊት ካሜራው ቀዳዳ ዙሪያ አስኪደው፤ ጠርዝ ከነካህ የተጫረው ፕላስቲኩ ነው፣ ተነስቶ ይጣላል። የሚታጠፍ ስልክ ከሆነ ግን ያንን ልባስ እንዳትነካው፤ የስክሪኑ አካል ነው።

ጥያቄ (ለገጣፎ)፦ ጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አያጠፋም። ጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማሻሻ መስታወትን አስተካክሎ ለመላግ አቅም የለውም። የጣት ቅባት እንዳይዝ ስክሪኑ ላይ የተቀባውን ስስ ልባስ ግን ይፍቀዋል። በማግስቱ ጭረቱ እዚያው አለ፤ በዚያ ላይ ስክሪኑ በጣት አሻራ ይጨማለቃል፣ የድምፅ ማውጫው ወንፊትም በደረቀ ሳሙና ይደፈናል። ቤኪንግ ፓውደርም ያው ነው።

መስታወትን በእርግጥ የሚልግ ዱቄት አለ፤ ሴሪየም ኦክሳይድ ይባላል። ግን ሰዓታት ይፈጃል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ ያሞቃል፣ አንድ ቦታ ላይ ከበዛ ገጹን ያጎደጉደዋል፤ ልባሱንም ይዞት ይሄዳል። ለእጅ ሰዓት መስታወት ይሁን፣ ለስልክ ግን አልመክርም። የጀርባው አንጸባራቂ ፕላስቲክ ከተጫረ የፕላስቲክ ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ መሞከር ይቻላል። ደብዛዛ ጀርባ ላይ ከሞከራችሁት ግን የተፈተገው ቦታ ብቻውን አብረቅርቆ ይቀራል።

ጥያቄ (የካ አባዶ)፦ የልጄ ስልክ ላይ አንድ መስመር አለ። ጭረት ይሁን ስንጥቅ በምን ልለየው ልጄ?

መልስ፦ እማማ፣ ስልኩን ያጥፉትና በሌላ ስልክ ባትሪ ብርሃን ከጎን ያብሩበት። ከዚያ ጥፍርዎን መስመሩን አቋርጠው ቀስ ብለው ያሳልፉ። ጥፍር ካልያዘው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ጭረት ነው፤ ይተዉት። ከያዘውና መስመሩ ከጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል ከገባ፣ ብርሃኑን ሲያዞሩም ከመስታወቱ ውስጥ ብልጭ ካለ ስንጥቅ ነው። ስንጥቅ ደግሞ ባለበት አይቆምም፤ በሙቀትና በጫና ይረዝማል። በላዩ ላይ ፕላስቲክ ይለጠፍበትና ከውሃ ይራቅ፤ ስክሪኑ እስኪቀየር ኋላ ኪስ ውስጥ አድርጎ እንዳይቀመጥበት ይንገሩት።

ጥያቄ (ቱሉ ዲምቱ)፦ “9ኤች” የተባለ ፕሮቴክተር አስለጠፍኩ፤ በወሩ ተጫረ። ተታልያለሁ?

መልስ፦ 9ኤች የሞህስ 9 አይደለም። የእርሳስ ጥንካሬ ነው፤ በጠንካራው የእርሳስ ዓይነት ቢጫርም አይጫርም ማለት ብቻ ነው። ፕሮቴክተርም መስታወት ስለሆነ አሸዋ ይጭረዋል፤ የተገዛው ለዚያ ነው፣ ተጭሮ ይቀየራል። ሲቀየር ዳር ዳሩን ብቻ የሚጣበቀውን አትውሰጂ፤ አቧራ ከሥሩ ይገባል፣ መንካቱም ይሰንፋል። ሙሉ በሙሉ የሚጣበቀው ማጣበቂያው ስስ ጭረቶችን ስለሚሞላቸው የድሮው ጭረት እንኳ ከዓይን ይሰወራል። ለእኔ ከጥርስ ሳሙናው ሁሉ የሚሻለው “ጥገና” ይኸው ነው።

ቤት ውስጥ የምትለጥፊ ከሆነ መስኮት ዝጊ፤ ሻወር ቤት ገብተሽ ወለሉንና ግድግዳውን ውሃ ረጭተሽ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቂ፣ ብናኙ ይረግፋል። እጅጌሽን ሰብስቢ። ስክሪኑን ከፕሮቴክተሩ ጋር በሚመጣው የአልኮል ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቁ ጥረጊ፤ የቀረውን ብናኝ በስቲከሩ እየነካሽ አንሺ። አንዱን ጫፍ አስተካክለሽ ልቀቂው፣ ራሱ ይጣበቃል። ከሥሩ አቧራ ከቀረ ጠርዙን በስኮች ብድግ አድርገሽ በሌላ ስኮች አውጪው፤ በአፍሽ አትንፊበት፣ ምራቅ ይገባል። ጠርዙ የታጠፈ ስክሪን ላይ በዩቪ መብራት የሚደርቅ ፈሳሽ ማጣበቂያ ይጠቀማሉ፤ ከበዛ ወደ ድምፅ ማውጫውና ወደ ቁልፎቹ ፈስሶ እዚያው ይደርቃል። ቀዳዳዎቹን አስቀድሞ በስኮች የማይሸፍን ለጣፊ ከሆነ ስልክሽን ይዘሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ከቨር ከመጀመሪያው ቀን አልወለቀም። ትናንት ሳወልቀው ግን ጠርዙ ተፋፍቋል። እንዴት?

መልስ፦ ከቨሩ ውስጥ የገባ አሸዋ መውጫ የለውም። በተራመድክ ቁጥር በከቨሩና በስልኩ መሃል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል። የአሉሚኒየም ጠርዝ ቀለሙ አኖዳይዚንግ በሚባል በኤሌክትሪክ የመሸፈኛ ዘዴ የተሠራ በጣም ስስ ልባስ ነው፤ ከተላጠ ከሥሩ ብርማው ብረት ይወጣል፣ ጥቁርና ሰማያዊ ስልክ ላይ ደግሞ ያስጠላል። ፖሊሽ ቢያደርጉት የባሰ ይላጣል። በሳምንት አንድ ቀን ከቨሩን አውልቀህ በሳሙና እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ፤ ስልኩን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረገው። ነጩ ሲሊኮን ከቨር ቢጫ ሲሆን ግን በፀሐይና በሙቀት የመጣ ነው፤ አይለቅም።

ጥያቄ (የባጃጅ ሹፌር)፦ ስልኬን መሪው ላይ አስሬ ነው የምሠራው። የካሜራው መስታወት ተጫረ፤ ማታ ሳነሳ ከመብራቱ የብርሃን ጭራ ይወጣል።

መልስ፦ መጀመሪያ ቅባት እንዳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ጥረገውና ያንኑ መብራት ደግመህ አንሳው፤ አብዛኛው ጭራ በዚህ ይጠፋል። ካልጠፋ ሙሉ ካሜራው ሳይሆን የላዩ መስታወት ብቻ ይቀየራል። ባለሙያው አሮጌውን ሲያነሳ ስብርባሪ ሌንሱ ላይ እንዳይወድቅ፣ አዲሱም ዙሪያውን በደንብ እንዲጣበቅ ንገረው፤ አለዚያ አቧራና እርጥበት ይገባል።

ከጭረቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ንዝረቱ ነው። ካሜራህ የምስል ማረጋጊያ ካለው ሌንሱ ወይም ሴንሰሩ በጥቃቅን ሞተሮች ተንጠልጥሎ ነው ያለው። አፕል በ2021 የሞተር ሳይክል ንዝረት ይህንን ክፍል ሊያበላሽ እንደሚችል አሳስቧል፤ አነስተኛ ሞተር ላላቸውም ንዝረት የሚውጥ መያዣ ይመክራል። ያንተ መንገድ ደግሞ ኮረኮንች ነው። ንዝረት የሚውጥ ጎማ ያለው መያዣ ፈልግ፤ ካላገኘህ ስልኩ ኪስህ ውስጥ ይሁን።

ጥያቄ፦ የቻርጀር ቀዳዳው ዙሪያ ተፋፍቋል።

መልስ፦ ሁሉም ላይ ያለ ነው፤ ምንም አይጎዳም። ቻርጀሩ ላላ ካለ ግን ከውስጥ አቧራና የኪስ ጥጥ ተጠቅጥቋል። ስልኩን አጥፉና በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ በቀስታ አውጡት። መርፌ ታይፕ-ሲ ውስጥ ያለችውን ስስ ምላስ ይሰብራል።

ጥያቄ፦ “አዲስ” ብለው የሸጡልኝ ስልክ ከነጭረቱ ነው። በዋስትና ይቀየራል?

መልስ፦ ለጭረት ብቻ አይመስለኝም፤ የአምራቾች ዋስትና የውጭ ገጽታ ጉዳትን በአብዛኛው አይሸፍንም። ስለዚህ ከሱቅ ሳትወጡ ስልኩን ፀሐይ ላይ አዙራችሁ እዩት፤ የቻርጀር ቀዳዳው ከተፋፋቀ ሲሠራበት የቆየ ነው። *#06# ደውላችሁ የሚወጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፤ ካልገጠመ ገንዘባችሁን ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ በምን ልጥረገው? በረኪና ይሆናል?

መልስ፦ በረኪና በፍጹም። ብናኙን መጀመሪያ አራግፈሽ፣ ከዚያ በውሃ በትንሹ በረጠበ የመነጽር ጨርቅ። ቅባቱ ከጠናብሽ 70 በመቶ አልኮል ጨርቁ ላይ ይደረግ፣ ስልኩ ላይ አይረጭ።