ባንዲራ ከመያዝዎ በፊት

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ በመንገድ ጥገና የቀን ሠራተኛ ነኝ። ከነገ ጀምሮ ባንዲራ ይዘህ መኪና አስተናግድ ተባልኩ። ሥልጠና መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳና የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አንጸባራቂ ሰደርያ ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ሥልጠና አይባልም።

ሥልጠናው የተግባር ይሁን። ባንዲራ ያዥ ከመንገዱ ዳር ይቆማል፤ ወደ መሀል የሚገባው የመጀመሪያው መኪና ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ነው፣ ያም ከኋላ ያሉት እንዲያዩት። ማምለጫውን አስቀድሞ ያያል፤ ጀርባውን ለሚመጣ መኪና አይሰጥም፤ ስልክም አያነሳም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የኮን (መንገድ ላይ የሚደረደር ሾጣጣ ምልክት) አደራደር ነው። 3.5 ሜትር ስፋት ያለውን ሌይን ለመዝጋት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት መንገድ ሰያፉ የኮን መስመር 56 ሜትር ገደማ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ደግሞ 20 ሜትር ይፈልጋል። ሲያጥር ሹፌሩ በድንገት ይጠመዝዛል፤ የሚገጨውም ሠራተኛው ነው። ታክሲ ሰያፉ ውስጥ ተሳፋሪ ካወረደም መስመሩ ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ ፌርማታው አስቀድሞ ይዛወር። ሲዘረጋ መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ፣ ቀጥሎ ኮኖቹ፤ ሲነሳ በተቃራኒው።

የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ቢኖርዎትም በየሳይቱ ገለጻ ይጠይቁ፤ የለገሃር አደባባይና የፒያሳ ቁልቁለት አንድ አይደሉም። ቁልቁለት ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ ምልክቱን ራቅ አድርገው ያስቀድሙ።