«ሰርተፍኬት አለው» የተባለው ውሻ

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ለእሱ ብለን ውሻ አመጣን። ሰርቪስ ዶግ ነው፣ ሰርተፍኬት አለው። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አከራያችን ሐበሻ ሆኖ ሳለ ለውሻው 400 ዶላር ዲፖዚትና በየወሩ 50 ዶላር ጨምሩ አለን። ትምህርት ቤቱም ሰርተፍኬቱን እያየ አናስገባም አለ። ሁለቱንም መክሰስ እችላለሁ? ክረምት ወደ አዲስ አበባ ስንሄድስ አውሮፕላን ላይ ከልጄ ጋር ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰርተፍኬቱን ሁለት ጊዜ አንስተውታል። ውሻው ለልጅዎ ምን እንደሚያደርግለት ግን አንድ መስመር የለም። ሕጉ የሚፈልገው ደግሞ ያቺን የጎደለች መስመር ነው።

ልገምት፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ሰርተፍኬቱ ከኢንተርኔት የተገዛ ነው። የውሻውን ፎቶ ላኩ፣ ጥቂት ጥያቄ ሞሉ፣ ከፈሉ። ከዚያ ካርድና ቀይ ሰደርያ በፖስታ መጣልዎት። ልክ ነኝ?

የፌዴራል መንግሥቱ ሰርቪስ ዶግ የሚመዘግብበት መዝገብ የለውም። እነዚህ በኢንተርኔት የሚሸጡ ወረቀቶች ምንም መብት እንደማይሰጡ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ራሱ በግልጽ ጽፏል። በእ.ኤ.አ. 1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግና ከ2011 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት ሰርቪስ ዶግ ማለት ለጉዳተኛው የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻ ነው። ማን አሠለጠነው ለሕጉ ግድ አይሰጠውም፤ እርስዎ ራስዎ ማሠልጠን ይችላሉ። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ስትገቡ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት ያስፈልጋል ወይ? ምን እንዲሠራ ሠልጥኗል? ወረቀት አሳዩ ማለት አይችሉም።

እንግዲህ ወጥመዱን ይዩት። ማንም ሊጠይቅዎ የማይችለውን ወረቀት ገዝተው፣ የሚጠየቁትን ሁለተኛ ጥያቄ ግን ሳይመልሱ ቀሩ።

እንዲህ ያለ ካርድ ይዘው የጥብቅና ቢሮዬ የሚመጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። ካርዱ የማይጠቅም ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ግን ይጎዳል። ቀኑን ይመልከቱት። ውሻው ከመጠለያ የወጣው ሰኞ ሆኖ ካርዱ «ሠልጥኗል» ያለው ሐሙስ ከሆነ፣ የትምህርት ቤቱ ጠበቃ ሌላ ማስረጃ ምን ያደርግለታል? ከዚያ በኋላ እርስዎ እውነት ቢናገሩም የሚያምንዎ ያንሳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ሕዝብ የሚገባበት ቦታ ለማስገባት ሲል ያልሠለጠነን ውሻ አውቆ በሰደርያ ወይም በካርድ ሰርቪስ ዶግ ማስመሰል ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 250 ዶላር ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ስምዎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እርስዎ አውቀው አታለሉ አላልኩም። ሻጩ ነው ያታለለዎት። ግን ከዛሬ ጀምሮ አውቀዋል።

ለምን እንደተገዛም የማውቅ ይመስለኛል። ካርድ ማሳየት «ልጄ ኦቲስቲክ ነው» ከማለት ይቀላል። ለአከራዩ ምን ብለው ነበር? «ለጥበቃ ነው» አላሉትም? ልጁ ሲጮህ ጎረቤት ቢጠይቅስ? «ወንድ ልጅ አፍ ለመፍታት ይዘገያል» እንል የለ። አልፈርድም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በእ.ኤ.አ. 2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የገዛ ልጃቸውን ጉዳይ አደባባይ አውጥተው ነው፤ ያን ያህል ድፍረት ከሁሉም እናት አይጠበቅም። ለአደባባይ መናገር የለብዎትም። ለአከራዩና ለትምህርት ቤቱ ግን በጽሑፍ መናገር አለብዎት። ያልተነገረውን ጉዳት እንዲያስተናግድ ሕጉ ማንንም አያስገድድም።

ስለዚህ ያቺን መስመር እንጻፋት። ልጁ በር ሲከፈት ወደ መንገድ ይሮጣል? በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ከአራት ዓመት በላይ ከሆናቸው ኦቲስቲክ ልጆች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንዴ እንዲህ ለማምለጥ ሞክረዋል። ውሻው በቀበቶ ከልጁ ጋር ታስሮ፣ ልጁ ሲሮጥ ቁጭ ብሎ እንዲይዘው ሠልጥኗል? ልጁ ራሱን ሲመታ በአፍንጫው እየገፋ ያስቆመዋል? ሲረበሽ በትእዛዝ ጭኑ ላይ ተኝቶ በክብደቱ ያረጋጋዋል? እነዚህ ሥራዎች ናቸው። «ልጁ ሲያየው ደስ ይለዋል» ግን ሥራ አይደለም፣ የፈለገውን ያህል እውነት ቢሆን።

አከራዩ ጋ ልምጣ። የቤት ሕጉ ከዚህ ይሰፋል። ያልሠለጠነ ውሻም ቢሆን፣ ለልጁ ጉዳት እንደሚያስፈልገው የሚያክመው ባለሙያ በደብዳቤ ከጻፈ፣ ዲፖዚትም ወርሃዊ ክፍያም አይጠየቅበትም። ምንጣፍ ከበላ ግን ትከፍላላችሁ። አሁን ያልነገሩኝን ሌላ ነገር ልጠይቅ። የምትኖሩት የሰውዬው ቤዝመንት ውስጥ ነው እንዴ? እሱ ላይ፣ እናንተ ታች? ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትና ከአራት ቤተሰብ በላይ የማይይዝ ቤት በአብዛኛው ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። እንደዚያ ከሆነ ክሱን ይርሱት፤ ቡና ጠጥታችሁ መነጋገር ይሻላል። አፓርትመንት ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን በኢሜይል ይላኩ፣ የባለሙያውን ደብዳቤ ያያይዙ፣ መልሱን ያስቀምጡ። ለፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር አቤት ለማለት አንድ ዓመት አለዎት። የኪራይ ውሉን (ሊዙን) ሳላይ ከዚህ በላይ አልልም።

ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው የሠለጠነ ውሻ ነው። ሠልጥኖ ከሆነ «አንድ ልጅ አለርጂ አለበት» ወይም «አስተማሪዋ ውሻ ትፈራለች» ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ግን ደንቡ ውሻው በሰው ቁጥጥር ሥር ይሁን ይላል። ውሻውን መመገብና መንከባከብም የትምህርት ቤቱ ሥራ አይደለም። የ7 ዓመት ልጅ ገመዱን ብቻውን ይይዛል? ሽንት የሚያስወጣው ማን ነው? አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ሠራተኞቹ መጠነኛ እርዳታ እንዲሰጡ ወስነዋል፤ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ይህን መልሰው ነው መግባት ያለብዎት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 በፍራይ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ይጠቅም ይሆናል። ክርክሩ ስለ ትምህርት ሳይሆን ውሻው እንዳይገባ ስለመከልከሉ ከሆነ፣ በልዩ ትምህርት ሕጉ ያለውን ረጅም የአቤቱታ ሂደት መጀመሪያ መጨረስ አይገደዱም። ግን ሰነዶቹ እንዴት እንደተጻፉ ይወስነዋል። በልጁ አይኢፒ (የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይ ጠበቃ ሳያየው ስለ ውሻው አዲስ ወረቀት አይፈርሙ፤ እባክዎ።

ቤተ ክርስቲያንን አልጠየቁኝም፣ ግን እሑድ ይመጣል። የሃይማኖት ተቋማት ከአካል ጉዳተኞች ሕጉ ውጭ ናቸው። ውሻ ይዤ ልግባ ብለው ከካህናቱ ጋር አይጣሉ።

ጉዞው። ከ2021 ጀምሮ አየር መንገዶች እንደ ሰርቪስ ዶግ እንዲቀበሉ የሚገደዱት የሠለጠነ ውሻ ብቻ ነው፣ ወደ አሜሪካ ለሚበሩት የውጭ አየር መንገዶችም ሕጉ ይሠራል። ስለ ጤናው፣ ጠባዩና ሥልጠናው የትራንስፖርት ሚኒስቴሩን ቅጽ ያስሞሉዎታል። በረራው 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ስለ ሽንቱ ሌላ ቅጽ አለ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ሩቅ ነው። እዚያ ላይ የውሸት ቃል መፈረም የፌዴራል ጉዳይ ነው። ያልሠለጠነ ከሆነ አይፈርሙ።

መመለሻው ይበልጥ ያሳስበኛል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ከነሐሴ 2024 ወዲህ ከእንዲህ ያለ አገር የሚመለስ ውሻ ማይክሮቺፕና የሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ቅጽ ያስፈልገዋል፣ ሰርቪስ ዶግም ቢሆን። እዚህ የተከተበ ውሻ ደግሞ የክትባት ማረጋገጫው ከመነሣታችሁ በፊት በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መጽደቅ አለበት። ከሄዳችሁ በኋላ ከታሰበ ልጁ ተመልሶ ውሻው እዚያ ሊቀር ይችላል። የኢትዮጵያን መግቢያ ፈቃድም ከኤምባሲው ይጠይቁ።

ቀጠሮ ይያዙ፤ ከእኔ ጋር ካልተመቸዎት ከሌላ የቨርጂኒያ ጠበቃ ጋር። የልጁን የምርመራ ውጤት፣ ሊዙን፣ የትምህርት ቤቱን ኢሜይሎች፣ የውሻውን የክትባት ወረቀትና ውሻው ሲሠራ የተቀረጸ ቪዲዮ ይዘው ይምጡ። ቪዲዮ ከሌለ ያኔ ስለ ሥልጠና እንነጋገራለን፤ በየቀኑ ያሠለጠኑትን ደብተር ላይ መጻፍም ዛሬውኑ ይጀምሩ። ካርዱንም አይጣሉት፣ ይዘውት ይምጡ። እስከዚያ ግን ለማንም አያሳዩት።