ዝም ያለውን ልጅ እዩት

ሐዋሳ ውስጥ በሕፃናት ክፍል ሥራ ለምትጀምሩ ነርሶች፦

ተራችሁን ስትረከቡ ከሚያለቅሰው በፊት ዝም ያለውን ልጅ እዩት። የፈላ ሽሮ የተገለበጠበት ወይም ሆዱን በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ልጅ ድርቅ ብሎ የሚተኛው መንቀሳቀሱ ስለሚያመው ነው። ቻርቱ ላይ «ደህና ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቀጣዩ ተረኛም ያንኑ ይገለብጣል።

ከ2 ወር እስከ 7 ዓመት ላለ ልጅ ፍላክ (FLACC) የሚባለውን የሕመም መለኪያ ተጠቀሙ። ለፊቱ፣ ለእግሩ፣ ለእንቅስቃሴው፣ ለለቅሶውና ሲያባብሉት ለሚያሳየው ነገር ከ0 እስከ 2 ትሰጣላችሁ፤ ድምሩ ከ10 ይታሰባል። ተኝቶ ሳለ ብቻ ከለካችሁ ያሳስታችኋል፤ ስታገላብጡትም ለኩ። እናቱ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ተናጋሪ ከሆነች፣ ልጁ ቤት ውስጥ ሕመምን በምን ቃል እንደሚጠራ ጠይቃችሁ ቻርቱ ላይ አስፍሩት።

ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 180 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ 7.5 ሚሊ ሊትር፣ 250 የያዘ ከሆነ ግን 3.6 ብቻ ነው። ጠርሙሱን ሳያነብ የሚቀዳ ሰው እጥፍ ሊሰጥ ይችላል። በሲሪንጅ ለኩ፤ የቤት ማንኪያ አይታመንም። አስታማሚዋ ከውጭ ገዝታ የሰጠችው እንዳለም ጠይቁ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት «ሲያመው ይሰጥ» የሚል ትእዛዝ ብዙ ልጅ ይጎዳል፤ እስኪያለቅስ ተጠብቆ፣ መድኃኒቱ እስኪሠራ ደግሞ ሌላ ሰዓት ያልፋል። በሰዓቱ እንዲሰጥ ሐኪሙን አነጋግሩ። መድኃኒቱን ከሰጣችሁ ከ1 ሰዓት በኋላ ሕመሙን ድጋሚ ለኩ፤ ካልቀነሰ ሐኪሙን ጥሩት። ሞርፊን ሲታዘዝ አትሽሹ፤ ትንፋሹን እየቆጠራችሁ፣ ሞርፊን ትንፋሽ ካዳከመ የሚቀለብሰውን መድኃኒት ናሎክሶንን በቅርብ ይዛችሁ ስጡ።

ቁስል ከመጥረጋችሁ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በፊት ማስታገሻው በአፉ ይግባ። ሰፊ ቃጠሎ ካለው ፓራሲታሞል ብቻውን አይበቃውም። የደረቀውን ፋሻ በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) አርሱት እንጂ አትንቀሉት።

ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ስታስገቡ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጥ፤ አራት ሆኖ አጋድሞ መያዝ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። አራስ ከሆነ ከመወጋቱ በፊት ጡት ይጀምር፣ እስኪያልቅም አይነጠቅ። «አያምም» ብላችሁ አትዋሹ፤ ቀጥሎ የምትሉትን አያምናችሁም። እናትየው «ዝም በል፣ ሲስተር ትወጋሃለች» ስትል ከሰማችሁም በትሕትና አስቁሟት፤ መርፌ የፈራ ልጅ ሲጠየቅ አላመመኝም ይላል።