ቦይኮትና ጠመንጃ በአየርላንድ

ጥያቄ፦ የአየርላንድ ብሔርተኞች ሰላማዊና ታጣቂ ተብለው ይከፈላሉ። በእርግጥ የማይገናኙ ሰዎች ነበሩ?

መልስ፦ አልነበሩም። (ዓመታቱ በፈረንጆች ናቸው።) አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር ያላት ኅብረት እንዲፈርስ የታገለው ዳንኤል ኦኮነል የለየለት ሰላማዊ ነበር፤ በ1843 የብሪታንያ መንግሥት ደብሊን አጠገብ ክሎንታርፍ ላይ የጠራውን ትልቅ ሕዝባዊ ስብሰባ ሲከለክልበት ደም እንዳይፈስ ብሎ ራሱ ሰረዘው። በ1858 የተመሠረተው የፌንያኖች ምስጢራዊ ማኅበር ደግሞ ጠመንጃን መረጠ፤ የ1867 አመፁ ግን ወዲያው ከሸፈ።

ሁለቱን ያገናኛቸው መሬት ነው። በጦር መሣሪያ ዝውውር ታስሮ የነበረው ፌንያን ማይክል ዴቪት በ1879 ለጭሰኞች መብት የሚታገለውን የመሬት ሊግን ሲያቋቁም፣ ሊቀመንበሩ በብሪታንያ ፓርላማ የአየርላንድ ተወካይ የነበረው ፓርኔል ሆነ። ስልታቸው በ1880 በምዕራብ አየርላንድ በሜዮ አውራጃ ውስጥ በደንብ ይታያል። ጭሰኞቹ ኪራይ ይቀነስልን ቢሉ የባላባቱ ወኪል ካፒቴን ቦይኮት እምቢ አለ። ሠራተኞቹ ጥለውት ሄዱ፣ ባለሱቁም አልሸጥልህም አለው። ሰብሉን የሚያነሱ 50 ያህል ሰዎች ከሰሜን መጡለት፤ 500 ፓውንድ ለሚገመት ምርት የወታደርና የፖሊስ ጥበቃው 10,000 ፓውንድ ገደማ ፈጀ። «ቦይኮት» የምንለው ቃል የዚሁ ሰውዬ ስም ነው። ሰላማዊ ሲባልም ፍጹም አይምሰልዎ፤ በየገጠሩ ሌሊት ማስፈራራትና ከብት ማቁሰል ነበር።

ሚዛኑን የለወጠው ታጣቂዎች ደብሊን ላይ በብሪታንያ አገዛዝ ላይ ካነሱት ከ1916ቱ የፋሲካ አመፅ ይልቅ ቅጣቱ ይመስለናል። እንግሊዞች በአሥር ቀን ውስጥ 15 ሰው ሲረሽኑ ሕዝቡ ወደ አማፂዎቹ አዘነበለ። በ1918 የብሪታንያ ፓርላማ ምርጫ የነፃነት ፓርቲው ሲን ፌን ከአየርላንድ 105 መቀመጫ 73ቱን ወሰደ። ተመራጮቹ ደብሊን ላይ የራሳቸውን ምክር ቤት በከፈቱበት በጃንዋሪ 21 ቀን 1919፣ ቲፐራሪ ውስጥ ታጣቂዎች ሁለት ፖሊሶችን ገደሉ።