ገንዳውን ከወለሉ ጀምሩት

ሰሞኑን የልጄ ልጅ የዓሣ ገንዳ ተገዛለትና ጠርቶ አሳየኝ። ከላይ ቀለም በቀለም የሆኑ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። ከታች፣ ሹል ጠጠር ላይ፣ ኮሪዶራስ የሚባሉ 2 ዓሦች ጥግ ይዘው ድርቅ ብለዋል። «እነዚህስ?» አልኩት። «እነሱ ጽዳቶች ናቸው፣ አባባ።»

ይቺን መልስ እኔም በወጣትነቴ ሰጥቻታለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። እግረ መንገዴን ገንዳ ልትጀምሩ ላሰባችሁ ልጆች ሁሉ።

ሥራዬ የውሃ ምርመራ ነበር። ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው መጠጥ ውሃ ስመረምር እውላለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ የዓሦቼን ውሃ አንድ ቀን እንኳ ሳልለካ «ምን ነክቷቸው ነው የሚሞቱት?» እላለሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን አያስቅም ነበር።

በመጀመሪያ ይሄን «ጽዳት» የሚሉትን ነገር እንተወው። ኮሪዎች፣ ኮሪዶራሶችን በአጭሩ እንዲህ ነው የምንላቸው፣ የደቡብ አሜሪካ ወንዞችና ጅረቶች ዓሦች ናቸው። የአምባዛ ወገን መሆናቸውን ጢማቸው ያሳብቃል፤ ግን በብዛት የሚሸጡት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ደርሰው ያበቃሉ። መስታወት ላይ የሚለጠፈውን አልጌ አያጸዱም። የሌላ ዓሣ ኩስም አይበሉም፤ እንዲያውም የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ከላይ የወደቀ ፍርፋሪ ይለቅማሉ፣ እውነት ነው። ግን ዕድሜ ልኩን በሌላ ሰው ትርፍራፊ የሚኖር ምን ዓይነት ሰውነት ይኖረዋል? ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጭንቅላቱ ብቻ የቀረ ኮሪ አይቻለሁ፤ ያየሁትም የራሴ ገንዳ ውስጥ ነው። ቶሎ የሚሰጥም እንክብል ግዙላቸውና ማታ መብራት ካጠፋችሁ በኋላ ጣል አድርጉ። የላዮቹ ያኔ ስለሚያንቀላፉ ብዙም አይሻሟቸውም።

ቀጥሎ ወለሉ። ሰው ጠጠር የሚመርጠው በቀለሙ ነው፤ ለዓይኑ ነው እንጂ ለዓሣው አያስብም። አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ አሸዋ ላይ ያለ ኮሪ ሲበላ እዩ። አፉን አሸዋው ውስጥ እስከ ዓይኑ ድረስ ይቀብራል። ጢሞቹ ጨለማ ውስጥ ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው ጣት ግራ ቀኝ ይዳስሳሉ። ከዚያ አፉን ሞልቶ አሸዋ ይዝቃል፣ የሚበላውን ያስቀራል፣ አሸዋው በስንጥቡ በኩል እንደ ጭስ ቡን እያለ ይወጣል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይሄን ሳይ ሻይዬ ይቀዘቅዛል። ሹል ጠጠር ላይ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ጢሙ ይላጣል፣ ጠጠሩ መሃል የተጠራቀመው ቆሻሻ ደግሞ ቁስሉን ያመረቅዘዋል። ስለዚህ ደቃቅና ጠርዙ ያልሾለ አሸዋ፣ ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ፣ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነጥፎ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

2 ኮሪ ደግሞ ኮሪ አይባልም። ቢያንስ 6 ይሁኑ፣ ያውም ከአንድ ዝርያ። 3 ከዚህ 3 ከዚያ ማድረግ ለእናንተ ያምር ይሆናል፤ እነሱ ግን የሚፈልጉት መሰላቸውን ነው። 2ቱን ጥግ ያስያዛቸው ፍርሃት ነው፤ 6 ሲሆኑ ግን እንደ ሰፈር ልጆች ተከታትለው ወለሉን ያስሱታል። ለዚህ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ወደ 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ለመነሻ ይበቃል። ቁመቱ ረጅም ወለሉ ጠባብ የሆነ አትግዙ፤ ለእነሱ ቁም ነገሩ የወለሉ ስፋት ነው። 60 ሊትር ውሃ ብቻውን 60 ኪሎ እንደሚመዝንም አትርሱ። የሚወላገድ ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጡት።

ጎረቤት ምርጫው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከላዮቹ ስለምንጀምር ነው። የላዩን መርጠን፣ ከፍለን፣ ቦታ ሲተርፍ «ከታች ምን ይግባ?» እንላለን። ገልብጡት። ኮሪዎቹ በ24 ዲግሪ አካባቢ ይመቻቸዋል፤ እንግዲህ በዚያ ሙቀት የሚኖር፣ ትንሽ፣ ጨዋ፣ መሃልና ላይ የሚዋኝ ዓሣ ፈልጉ። ኒዮን ቴትራና ሃርለኩዊን ራስቦራ ጥሩ ናቸው። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፣ ያድጋል፣ ያቆሽሻል፤ ይቅር። ዲስከስ በ28 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሚያዝ ለአብዛኞቹ ኮሪዎች ይሞቅባቸዋል። ታይገር ባርብ ክንፍ የመንከስ አመል አለው። «አልጌ ይበላልሃል» ተብሎ የሚሸጠው ተራው ፕሌኮ ደግሞ ከ40 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የገንዳችሁ ርዝመት ስንት ነበር?

የእኔ ጥፋት ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። ኦስካር የሚባል ዓሣ፣ ጣቴን የማያክል ሆኖ፣ አሳዘነኝና ከኮሪዎቹ ጋር ጨመርኩት። ወራት አለፉ፣ አደገ። አንድ ጠዋት ብነሳ አፉን ከፍቶ ይንቀጠቀጣል፣ ከአፉ የኮሪ ጭራ ወጥቷል። ኮሪ ሰውነቱ በቅርፊት ፋንታ ጥሩር በመሰለ አጥንት የተሸፈነ ነው። ሲደነግጥ የጀርባውንና የጎኑን ክንፍ እሾህ ገትሮ ይቆልፈዋል። ዋጪው መዋጥም መትፋትም አቃተው። በወረንጦ ብሞክርም አልሆነም፤ ሁለቱም ሞቱ። ኦስካሩን አልወቅስም። አፉ የሚችለውን መዋጥ ተፈጥሮው ነው፤ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ያንኑ እሾህ መረብም ይይዘዋል፤ ኮሪ ስታወጡ በኩባያ ቅዱት።

ስለ ውሃው ብዙ ማውራት እችላለሁ፣ እንጀራዬ ነበር። አጭሩ ይሄ ነው፤ የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፣ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓሣ ይገድላሉ። ባክቴሪያዎቹ ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ላይ ተራብተው እስኪበቁ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ገንዳ በገዛችሁበት ቀን ዓሣ አትግዙ። ፊልተሩን አስነሱ፣ አሞኒያ በጥቂቱ እየጨመራችሁ ባክቴሪያውን መግቡት፣ ለኩ፣ ጠብቁ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ባዶ ገንዳ እያዩ አንድ ወር መቀመጥ ያበሳጫል። ዓሦቹ ከገቡ በኋላ በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውሃ ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን የሚያጠፋ መድኃኒት አድርጉበት። ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ አለቅልቁት።

ልጁ ጠጠሩን በአሸዋ ቀየረ፣ ከዚያ 4 ኮሪ ጨመረ። ትናንት ማታ ደወለልኝ። «አባባ፣ አንዱ ታሟል መሰለኝ! እየተወረወረ ላይ ይወጣና ይመለሳል።» ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቅሁት። አልፎ አልፎ ነው አለኝ። ኮሪ አየር ከላይ ጎርሶ፣ ውጦ፣ በአንጀቱ ኦክስጅኑን እንደሚወስድ ነገርኩት። ዝም አለ። «በአንጀቱ?» አለኝ። በአንጀቱ። ሳያቋርጥ ከተመላለሰ ውሃውን ለካ፣ እስከዚያው ግን ውሃውና ክዳኑ መሃል 3 ጣት ያህል ክፍተት ተው አልኩት።